በረዶ ሥር የከረመው ገመድ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ ብርዱን እንዴት ቻለው? አሁን ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ትወጣለህ ወይስ ምርኩዙን የምትይዘው እናቴ ስታይህ ብቻ ነው? እኔ እጄ በጨው ውኃ ከመሰነጣጠቁ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ፀሐይ ሰሞኑን ተሰናብታናለች፤ እናንተ ቫርዶ ላይ ገና ስላለች የእኔንም ድርሻ ሙቁልኝ።

ባለፈው ዓመት ባሕር ውስጥ ትተነው ስለሄድነው ገመድ አጫውቼህ ነበር። ከታች የብረት ክብደት ይዞታል፤ ከላይ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ኳሶች ወጥረው አቁመውታል። የታሰሩበት መሣሪያዎች የውኃውን ሙቀትና ጨው ሲለኩ፣ ጥቃቅኖቹ የባሕር እንስሳት በጨለማው ወራት ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለሱትን ሲያዳምጡ ከርመዋል። የለኩትን ሁሉ የያዙት በሆዳቸው ነው፤ ካልወጡ አንዲት ቁጥር አናገኝም። ዘንድሮ የማውጣቱን ኃላፊነት የሰጡት ለእኔ ነበር።

ስንደርስ ቦታው በበረዶ ተሸፍኗል። ከመርከቡ የድምፅ ምልክት ስንልክለት ገመዱ ክብደቱን ለቆ ይወጣል፤ አንዴ ከለቀቀ መመለስ የለም፤ በረዶ ሥር ከወጣ ደግሞ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በረዶውን ሰብረን ልክ ከገመዱ በላይ ኩሬ ከፈትን። ስብርባሪው እስኪጠራ ስንጠብቅ ነፋስ የሚነዳው በረዶ ኩሬያችንን ይዞት ሄደ። ሁለተኛውን ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ራቅ ብለን እንክፈት፣ ኩሬው ራሱ ወደ ገመዱ ይምጣ አልኩ። ማዕበል እየተቃረበ ስለነበር ሦስተኛ ዕድል አልነበረንም።

ካፒቴናችንን ታውቀዋለህ፤ በልጅነቱ በአንተ ጀልባ ላይ ሲያፏጭ፣ ነፋስ ትጠራብናለህ ብለህ ወደብ ላይ ያወረድከው ቶርጌር ነው። ዛሬ እሱ ከአንተ ብሷል። የመሣሪያ ባለሙያችን ኤይሊፍ የኦስሎ ልጅ ነው፤ ሲጨንቀው ያፏጫል። ቶርጌር ከላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያው፣ «አንተ የከተማ ወፍ፣ አፍህን ዝጋ። ነፋሱ ሳይጠራም እየመጣ ነው» አለው። ኤይሊፍም «እሺ አለቃ፣ በሆዴ አፏጫለሁ» አለ።

ኩሬው እየቀረበ መጣ። ኤይሊፍ ጣቱን የድምፅ ምልክቱ ቁልፍ ላይ አድርጎ እኔን ያያል፤ እኔ በረዶውን አያለሁ።

«አሁን» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ገና በረዶ ነው!» አለ ቶርጌር።

እውነቱን ነው፤ ከገመዱ በላይ የነበረው ገና በረዶ ነው። ግን ገመዱ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል፤ ኩሬው በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደሚደርስ አስልቼዋለሁ። ኤይሊፍ ቁልፉን ተጫነ። ከዚያ ሁላችንም ውኃውን ማየት ያዝን። ኳሶቹ ኩሬው መሀል ተከታትለው ብቅ ሲሉ ከድምፅ ማጉያው ረጅም ፉጨት ተሰማ። ኤይሊፍ አጠገቤ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

ዓመቱ ሙሉ በእጃችን ገብቷል፤ አንድም ቀን አልጎደለም። ያንቺ መርከብ ተንሳፋፊ ትምህርት ቤት ነው እያልክ ትቀልድብኝ የለ? እንግዲህ ቶርጌር ጻፊለት ያለኝን ስማ፦ «ልጅህ አስፏጨችኝ። ከፈለግህ መጥተህ አውርደኝ።» ነፋሱም አንተ እንደምትለው መጥቷል፤ የመጣው ግን ገመዱ መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ ነው።

እናቴን ሳምልኝ፤ የሠራችልኝን የሱፍ ጓንት ከላስቲክ ጓንቱ ሥር አጥልቄው ነበር በላት። ወንድሜ ስታይናርና ሚስቱ ስመጣ የኮድ ዓሣውን ከነጉበቱ ይቀቅሉልኝ። አክስቴ ቦርግሂልድ ጥርሷ ተሻላት? ለእሷም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ልጅህ ጉንቮር

ከስቫልባርድ በስተ ሰሜን፣ መርከብ ላይ
ጥቅምት 19 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.