መቶ አንደኛው ፊርማ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም መደገፊያውን እያቀፍሽ ነው የምትወጪው? ባለቤትሽስ እንዴት ከረመ? ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን አለፈ? ትንሿስ የወለቁት ጥርሶቿ በቀሉላት? እኛ ሁላችን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ እንደበረታ ነው። ስለ ናፍቆትሽ መጻፍ ከጀመርኩ ወረቀቱ ስለማይበቃኝ እሱን በሆዴ ይዤዋለሁ።

እትዬ፣ መቼም ማመልከቻ ስጽፍ ነው የኖርኩትና በሥራዬ ቋንቋ ልጀምርልሽ። ጉዳዩ፦ ታናሽ እህትሽ ለሰፈራችን ምክር ቤት በግል እጩነት ስለመመዝገቧ። አሁን ከተቀመጥሽበት ብድግ እንደምትዪ አውቃለሁ። እባክሽ ተቀመጪና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፤ ቁጣውንም ስትጨርሺ ታወርጂብኛለሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ ሆን ብዬ ነው። አንቺ ገና አባባ ብለሽ ስትጀምሪ እኔ አለቅሳለሁ፣ ነገሩም ሳይነገር ይቀራል።

የጀመረው ክዳኑ በጠፋው ቦይ ነው። ከእማዬ ቤት ወደ ጤና ጣቢያው ሲኬድ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ታስታውሺዋለሽ፤ አንቺ እያለሽ ክዳን ነበረው። ስለሱ ቦይ ብቻ ባለፉት አምስት ዓመታት ለአሥራ አንድ ሰው ማመልከቻ ጽፌያለሁ። አንዱ ወገቡን፣ ሌላዋ ቁርጭምጭሚቷን፣ እማዬ ራሷ አምና ጉልበቷን የተጎዳችው እዚያው ነው። መልሱ ጉዳዩ እየታየ ነው የሚል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እሱም የለም፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ አንዲት ልብስ አጣቢ ቀኝ እጇ በጀሶ ታስሮ መጣችና ስለዚያው ቦይ ጻፊልኝ አለችኝ። እኔም የዱሮውን ግልባጭ አውጥቼ ስሙንና ቀኑን ብቻ ቀይሬ በጽሕፈት መኪናዬ መታሁላት። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። መርቃኝ ስትሄድ ግን አፍሬ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

አጠገቤ ጫማ የሚሰፋው ሰውዬ ይህን ሁሉ እያየ ነበር። ያለ ከረባት ሥራ ስለማይጀምር ሚኒስትሩ ነው የምንለው። ክሩን ከጥርሱ አላቀቀና፣ አንቺ ሴትዮ፣ ለማያነብ ሰው እስከ መቼ ትጽፊያለሽ፣ ለምን አንቺው ገብተሽ አታነቢውም? አለኝ። ሳቅኩበት። ማታ ለባለቤቴ እንደ ቀልድ ብነግረው እሱ አልሳቀም። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ ሲገባ ቃል ከአፉ እንደማይወጣ ታውቂያለሽ። እራቱን ጨርሶ እጁን ከታጠበ በኋላ፣ ምዝገባው መቼ ነው? ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

ለሌላው ስጽፍ ቀላል ይመስለኝ የነበረው ሁሉ በራሴ ሲደርስ ተራራ ሆነብኝ። የልደት ማስረጃ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ወንጀል እንደሌለብኝ የሚያሳይ የፖሊስ ወረቀት ከአሥር ጣት አሻራ ጋር። ቀለሙ ሳይለቀኝ ሦስት ቀን እንደ መካኒክ ዋልኩ። የነዋሪነት ማስረጃውን ስጠይቅ ደግሞ፣ ሃያ ሁለት ዓመት መስኮቱ ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ስጽፍ የሚያየኝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ እዚህ ሰፈር ለመኖርሽ ምስክር አምጪ አለኝ። ሚኒስትሩ ከረባቱን አስተካክሎ ገባና መሰከረልኝ።

ከሁሉ የከበደው የመቶ ነዋሪ የድጋፍ ፊርማ ነው። ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ሚኒስትሩ ጫማ ለማሠራት የሚመጣውን ሁሉ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያለ ወደ እኔ ይልካል፤ አንዳንዱም አንድ እግሩን በካልሲ እንደቆመ ይፈርማል። ያቺ ልብስ አጣቢ ቀኟ ገና ከጀሶ ስላልወጣ የግራ አውራ ጣቷን አተመችልኝ። እመርጥሻለሁ፣ ወረቀት ላይ ግን አታስገቢኝ ያሉኝም ብዙ ናቸው። አልተቀየምኳቸውም። እኛስ የምን ቤት ልጆች ነን?

እማዬ ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አልፈረድኩባትም። አባባ በጥጥ ፋብሪካው ሳለ አቧራው ሳንባችንን ጨረሰው የሚለውን ማመልከቻ ከሁሉ ቀድሞ ፈረመ። ከሱ ሥር የፈረሙት አላየንም አልሰማንም ብለው ሲያፈገፍጉ ብቻውን ቀረ። ከሥራ ተባርሮ ስሙ በቀይ ተሰርዞ የፋብሪካው በር ላይ የተለጠፈ ቀን እጄን ይዘሽ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። ማንበብ ገና አልጀመርኩም ነበር፤ ቀዩ መስመር ግን ዛሬም ይታየኛል። አንቺም ትምህርትሽን ጥለሽ በአሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ የተሰደድሽው በዚያው ሰበብ ነው። እሱም እስኪሞት ድረስ፣ ጻፉ እንጂ አትፈርሙ፣ የሚጠየቀው የፈረመ ነው ይለን ነበር። እኔ ያንን ምክር መተዳደሪያዬ አደረግኩት፤ ለሁሉም እጽፋለሁ፣ የትም አልፈርምም። እማዬ በመጨረሻ የተናገረችው፣ አንዷን ልጄን ፊርማ ወሰደብኝ፣ አንቺንም ልጨምር? የሚል ነው። ፈርሚልኝ ብዬ ሳልጠይቃት ወጣሁ።

ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። እኔ የደረስኩት አሥር ተኩል ላይ ነው። መዝጋቢው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንድ በአንድ ቆጠረ። መቶ ሦስት ፊርማ ይዤ ነበር፤ ሦስቱ የሌላ ሰፈር ሰዎች ሆነው ተገኙና ሰረዛቸው። ልክ መቶ ቀረ። ልቤ ሲመለስ ይሰማኝ ነበር። ቀጥሎ የእኔን ቅጽ ገለጠና መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። ከዚያ፣ አመልካቿ የት አለች? አለኝ። እኔ ነኛ፣ አልኩት። ወረቀቱ ላይ ማለቴ ነው፣ ብሎ አዞረልኝ። የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

እትዬ፣ ክው አልኩ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እዚህ ጋ ፈርሙ እያልኩ በጣቴ ሳሳይ የኖርኩት ሴትዮ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሆኜ ተገኘሁ። ሰውየውም ሳቁ አመለጠው። ለካ አምና የዝውውር ማመልከቻውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ ሳይፈርም ሊሄድ ሲል፣ ፊርማ የሌለው ማመልከቻ ወሬ ነው ብዬ ተቆጥቼው ኖሯል። ይኸው ዛሬ መለሰልኝ። ለሰው ሁሉ ረስቼው ነው እያልኩ አወራለሁ። ለአንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ እጄ ፈርቶ ነው። ቅጹን ስሞላ ያንን ቦታ አይቼዋለሁ፤ ቆይ ኋላ ብዬ አልፌዋለሁ።

ሰውየው ሰዓቱን እያየ እስክሪብቶውን ሰጠኝ። መታወቂያ ላይ የምጭራት አንዲት ጭረት አለችኝ፤ እሷን መጫር አልፈለግኩም። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስሜን ከነአባባ ስም ፊደል በፊደል ጻፍኩት። የአባባ ስም ከመስመሩ ትንሽ ወደ ላይ ወጥቷል። ደረሰኙን ይዤ ስወጣ አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ ሚኒስትሩ በሩ ላይ እየጠበቀኝ ነበርና ሳላስበው እጁን ሳምኩት፤ እሱም የቀለም እጅ አይሳምም ብሎ ሳቀብኝ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት፣ የአባትሽንም ስም ጻፍሽው? አለችኝ። አዎ አልኳት።

የእጩዎቹ ዝርዝር ትናንት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፤ ስምንት ነን። ከመካከላችን የእንጨት መሸጫው ባለቤት በየግድግዳው ፎቶውን ለጥፏል፤ እኔ ያለኝ አንድ ጃንጥላና አንድ የጽሕፈት መኪና ነው። ላልመረጥ እችላለሁ፤ ይህንን አውቄ ነው የገባሁት። ግን ስነሳና ስቀመጥ ደስ እያለኝ ነው፣ ልዋሽሽ አልችልም። እማዬ ወስዳችሁ አሳዩኝ አለች። ቦዩ ጋ ስንደርስ ሚኒስትሩ ሳንቃ ዘረጋላት፣ ባለቤቴ በክንዷ ደገፋት፣ ተሻገረች። ሰሌዳው ስር ቆማ ከላይ ወደ ታች በጣቷ እየፈለገች ወረደች። የእኔን ስም አገኘችና አለፈችው፤ ጣቷን ያሳረፈችው የአባባ ላይ ነው። ወዲያና ወዲህ ዳሰሰችውና፣ አልተሰረዘም፣ ለእትዬሽ ጻፊላት፣ አልተሰረዘም በያት አለችኝ። እኔም ይህን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው።

እማዬ ግንባርሽን ትስማለች። ባለቤቴ ሰላም ብሎሻል፤ ከእሱ አፍ ይህም ብዙ ነው። ልጄ አክስቴ ስትመጣ አልጋዬን እለቅላታለሁ ትላለች። ሚኒስትሩ የእግርሽን ቁጥር ላኪልኝ፣ ጉልበትን የሚያሳርፍ ጫማ እሠራላታለሁ ብሏል። ባለቤትሽን አክብሬ፣ ትልቁን በርታ ብዬ፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ስሜ ሰላም እላለሁ። አሁን የመቆጣት ተራው የአንቺ ነው፤ ከተቆጣሽም በጽሑፍ ይሁንና ከሥሩ ፈርሚበት።

የአባባ ልጅ፣ ታናሽ እህትሽ፤
(ፈርሜያለሁ)

ከእማዬ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት 14 ቀን