የወይዘሮ ዘውድነሽ ዱጋሳ ድንገተኛ ዕረፍትና የወለንጪቲው የከሰዓት ክፍል ጉዳይ

ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች የትምህርት ጥናት ባለሙያዎች ማኅበር
አዳማ

ለማኅበራችን አባላት፣ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለመላው የአካባቢያችን ሕዝብ፤

የማኅበራችን የጥናት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ዘውድነሽ ዱጋሳ ባለፈው ረቡዕ ንጋት ላይ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም በአዳማ ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የምናስታውቀው ቅስማችን ተሰብሮ ነው። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ቢሮ ውስጥ ሲከራከሩን የነበሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ዱብ ዕዳ ይደርስብናል ብለን አላሰብንም።

ሐዘኑ የመጣብን በክፉ ሰዓት ነው። በወለንጪቲ ጠዋት ጠዋት ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ፣ ሰው ቤት የሚሠሩ፣ ታናናሾቻቸውን የሚጠብቁ ልጃገረዶች ከምሳ በኋላ የሚማሩበት አንድ ክፍል አለ። “በአካባቢው ትምህርት ያቋረጠች ልጃገረድ እምብዛም የለችም” የሚል የዳሰሳ ሪፖርት ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወጥቶ፣ ክፍሉ እንዲዘጋ ሐሳብ ቀርቧል። ጉዳዩ በጽሕፈት ቤቱ የሚታየው በመጪው ሰኞ ነው። ወይዘሮ ዘውድነሽ ቀርበው፣ ሪፖርቱ የተሠራበት የመጠይቅ ዘዴ እነዚህን ልጆች ሊያገኛቸው እንደማይችል ሊያስረዱ ተዘጋጅተው ነበር።

ወይዘሮ ዘውድነሽ በ1989 ዓ.ም. በትውልድ ከተማቸው በአቦምሳ የሂሳብ መምህርት ሆነው ሥራ ጀመሩ። የቀረች ተማሪ ካለች ቤቷ ድረስ ሄደው ምክንያቱን ሳይጠይቁ አያድሩም ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ወደ አዳማ ተዛውረው ማኅበራችንን ተቀላቀሉ። ያን ጊዜ የምናውቀው ዘዴ አንድ ነበር፤ መጠይቅ አባዝተን ክፍል ውስጥ እናድላለን፣ መምህሩ ይሰበስባል፣ እኛ መቶኛ እናወጣለን። ፈጣን ስለሆነና ብዙ ተማሪ ስለሚያዳርስ እሳቸውም አልናቁትም። ክፍል ውስጥ ስላሉት ልጆች ለማወቅ ይህን የሚያህል የለም ይሉ ነበር። ስላቋረጡት ለማወቅ ስንጠቀምበት ሲያዩ ግን “ይሄማ ‘ያልመጣ እጁን ያውጣ’ ማለት ነው!” ብለው ሳቁብን። ሰሞኑን የወጣው ሪፖርትም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጉ የስልክ መጠይቅ አስጀመሩ። ቤት ሳይኬድ ብዙ ቤተሰብ ተዳረሰ። ይሁን እንጂ ስልኩ የአባት ነው፣ የሚመልሰውም አባት ነው። ልጅቷን ያገናኙን ሲባል “እኔ አለሁ አይደል እንዴ? ከእሷ ምን ትፈልጋላችሁ?” የሚለው ይበዛ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በሻሸመኔ የቤት ለቤት ቃለ መጠይቅ መሩ። እዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠማቸው። የእኛ ሰው እንግዳ ማስከፋት አይሆንለትም። ጠያቂው “አካም ጅርቱ” ብሎ ሰላምታውን ሳይጨርስ ወንበር ይጠረግለታል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የሚበላ ይቀርባል። ከዚያ ሁሉ በኋላ “ልጅዎ ትማራለች ወይ?” ቢባል “ተመስገን ነው፤ ጎበዝ ናት!” ከማለት በቀር ምን ይባላል? ወይዘሮ ዘውድነሽ ይህን ውሸት ብለውት አያውቁም፤ ይሉኝታ ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ ሴት ጠያቂዎች በወላጅ ፈቃድ ልጅቷን ለብቻዋ፣ ራሷ በመረጠችው ቋንቋ እንዲያነጋግሯት አደረጉ። ከዚያው ቤት የተለየ መልስ ወጣ።

በያዝነው ዓመት አንድ ዓይነት ጥያቄዎችን በሁሉም ዘዴዎች በወለንጪቲ አስጠየቁ። በክፍል ውስጥ መጠይቅ ያቋረጠች ልጅ የለችም ለማለት ጥቂት ቀረው፤ በስልክ አንዳንድ ተገኙ፤ ልጆቹ ለብቻቸው ሲጠየቁ ግን በየሰፈሩ ነበሩ። ከመካከላችን “ይህ ስሜት እንጂ ሳይንስ አይደለም” ያሉ አባላት እንደነበሩ አንደብቅም፤ ክርክሩ ከርሮ እስከ መኮራረፍ ደርሷል። እሳቸው ግን “ኑ፣ አብረን እንሂድ። ልጆቹ ካልተገኙ ክፍሉን እኔ ራሴ እዘጋዋለሁ” አሉ እንጂ ወደኋላ አላሉም።

አሁን “ጥናቱም አብሯቸው ተቀበረ” የሚሉ ሰዎች መኖራቸውን ሰምተናል። አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ ነው ይህ የተባለው። ኧረ ነውር ነው! ተከራካሪው ስለሞተ ጉዳዩ አይሞትም። ሰኞ ጥናቱን የሥራ ባልደረባቸው ወይዘሪት ሌንሳ ምልኬሳ ያቀርባሉ። ሲቃወሟቸው የነበሩት አባሎቻችንም ጥናቱ ሙሉውን እንዲሰማ ፈርመዋል።

የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ሐሙስ ዕለት ተፈጽሟል። የወለንጪቲ ልጆች ገበያቸውን ትተው በሚኒባስ ተጭነው መጡ፤ ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ደጅ የቆሙ ነበሩ። ሪፖርቱን የፈረሙት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም ለቅሶ ደርሰዋል፤ ስለ መምጣታቸው እናመሰግናለን። አጠገባቸው የምታለቅስ ልጅ ነበረችና ሊያጽናኗት ብለው “አይዞሽ የኔ ልጅ። የት ነው የምትማሪው?” አሏት። “ስድስተኛ ላይ አቁሜ ነበር። እትዬ ዘውዴ ናቸው ከሰዓት ክፍል ያስገቡኝ” አለች። ቀጥላ የተቀመጠችውን ጠየቁ፤ እሷም እንደዚያው አለች። ሦስተኛዋን አልጠየቁም።

ዓርብ ጠዋት፣ ጥናቱ እስኪሰማ ክፍሉ እንደማይዘጋ ከጽሕፈት ቤቱ በስልክ ተነግሮናል። በጽሑፍ እስኪደርሰን ግን አንዘናጋም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ እስኪጠራ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለአቶ ልዑልሰገድ፣ ለልጆቻቸው ለሚኪያስና ለሊዲ፣ በአቦምሳ ላሉ ወንድም እህቶቻቸው፣ አብረዋቸው ለደከሙት ጠያቂዎች ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን እንዲሰጣቸው ይለምናል። ለወለንጪቲ የከሰዓት ክፍል ተማሪዎችም እንደ ቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን። ልጆች፣ ሰኞ ከምሳ በኋላ ትምህርት አለ። እንዳትቀሩ።