ውሃው የቀዘቀዘ ዕለት

ይድረስ ለምሳሳልህ ልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብ ሕመምህ ዛሬም ያስቸግርሃል ወይስ ተወህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትህ ጆሮው ጨርሶ ስለደከመ አሁን በሰላም ነው የምንኖረው፤ ብቆጣውም አይሰማኝም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ለአንዱም ደብዳቤዬ መልስ አልሰጠኸኝም፤ አልተቀየምኩህም። የአሁኑን አድራሻህን ያገኘሁት ከጤና ጣቢያችን ሾፌር ነው። እዚያ ባለህበት ከተማ አንድ መጋዘን በር ላይ ጆንያ ተሸክመህ አይቶህ ሊጠራህ ሲል ፊትህን አዞርክበት፤ እንዲያ አለኝ። የአናጢነት መዶሻህን ከጣልክም ቆይተሃል አለኝ። ይህን ስሰማ ዝምታዬ አነቀኝ። አሁን የምነግርህን አንብበህ ብትረግመኝ አልፈርድብህም፤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ ብቻ ወረቀቱን አትቅደደው።

ፋብሪካው ሲዘጋ ከተማችን ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። መካኒኩ ጫማ ሰፊ፣ ሒሳብ ሹሙ ዣንጥላ ጠጋኝ ሆነ። ማጣት እጅን ያፍታታል። አንተም ከባዶው መጋዘን የተረፈ ጥጥና የማሸጊያ ሳንቃ ለቃቅመህ ያንን ሳጥን ሠራህ። ግድግዳው ድርብ፣ መሃሉ ጥጥ፣ ክዳኑ የመስኮት መስታወት፣ ከሥሩ የሙቅ ውሃ ጠርሙሶች የሚገቡበት መሳቢያ። መብራት በሳምንት ሁለቴ ብቻ ብቅ በሚልበት ጤና ጣቢያ፣ ያለ ቀናቸው የተወለዱትን ሕፃናት ያለ መብራት የሚያሞቅ። ሰዉ "የጫጩት ሳጥን" እያለ ሲስቅ አንተም አብረህ ትስቅ ነበር። ሦስት ሕፃናት ከዚያ ወጥተው በየእናታቸው ጡት ሥር ሲገቡ ግን የሳቀ አልነበረም።

አራተኛው፣ የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ፣ ሞተ።

ልጄ፣ የሞተው በሳጥንህ አይደለም። በእኔ ነው።

ጠርሙሶቹ በየሁለት ሰዓቱ እንዲቀየሩ በጠመኔ ጽፈህልኝ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ነበርኩ፤ ሌላዋ አዋላጅ የተሻለ ቦታ አግኝታ ከሄደች ወር ሆኗት፣ የተካት አልነበረም። ሁለት ሴቶች ባንድ ጊዜ አማጡ፤ አንዷን ደም አልቆም አላት። እሷን ሳተርፍ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። መሳቢያውን ስስበው ጠርሙሶቹ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል። ሕፃኑም ቀዝቅዟል። ያኔ ያደረግሁትን ልንገርህ? ውሃ አፍልቼ ጠርሙሶቹን ሞላሁና መልሼ አስገባኋቸው። ሰው የጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው።

መርማሪዎቹ በኃላፊው ክፍል ሲጠይቁኝ አንተ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ነበርክ። ውሃውን በሰዓቱ ቀይረሻል ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ። እንግዲያው ጥፋቱ የሳጥኑ ነው አሉ። ዝም አልኩ። በቤታችን ሥራ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ከወደቅሁ አራታችንም ወደቅን ብዬ ፈራሁ። የሚይዘው ጥቂት የሆነበት ሰው እጁን አይከፍትም። ይህን የምልህ እንድታውቀው ነው እንጂ እንድታዝንልኝ አይደለም። ስወጣ ተነስተህ "እማዬ፣ የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?" አልከኝ። እኔም "እንጃ ልጄ" አልኩህ።

የትም አልተሳሳትክም። ሦስት ዓመት የተሸከምከው የሕፃን ነፍስ የአንተ አልነበረም።

አንተ ከሄድክ በኋላ በዚህ ከተማ አዲስ ነገር የሚሞክር ጠፋ። ጎረቤታችን ቀለም ቀቢው የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ነገር ጀምሮ ነበር፤ "የጫጩቱን ሰውዬ አይቻለሁ፤ ይቅርብኝ" ብሎ ተወው።

እህትህ ያንን ሾፌር አገባች፤ ወዳ ነው ያገባችው። ባለፈው ክረምት በሰባት ወሯ ምጥ ያዛት። ነገሩ ከአቅሜ በላይ መሆኑን ስላወቅሁ ወደ ሆስፒታሉ ይዘናት ወጣን። ባሏ መኪናውን ወንዙ ዳር አደረሰው፤ ድልድዩን ግን ጎርፍ ወስዶት ነበር። ተመለስን። የወለደቻት ልጅ ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም ነበር። መብራት የለም። ሳጥንህን ከጤና ጣቢያው ዕቃ ቤት፣ ከመጥረጊያዎቹ ሥር አወጣሁት። አባትህ ሰዓቱን በእጁ ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ሁለት ሰዓት በሞላ ቁጥር እግሩን መሬት ይመታል፣ እኔ ውሃ እቀይራለሁ። አሥራ ዘጠኝ ቀን።

ዛሬ ልጅቷ ስምንት ወሯ ነው፤ ሁለት ጥርስ አብቅላለች። ስሟን የእህትህን ስም አወጣንላት። ከዚህ በላይ በወረቀት ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ።

የእህትህ አርባ ካለፈ በኋላ ዳቦ ጋጋሪዋ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ሊጥ የነካ እጇን ሳትታጠብ ቆማ ሰማችኝና "ሂጂልኝ" አለች። ሄድኩላት። ዛሬም መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች፤ ልክ ናት። ከዚያ ለኃላፊው ጽፌ ፈረምኩ። አሁን ከሥራ ታግጄ ቤት ነኝ። ሳጥኑ ግን አዋላጅ ክፍል ገብቷል። ቀለም ቀቢውም አይቶ ሁለተኛ ሠርቷል፤ ክዳኑ አይገጥምም፣ ያንተን አያህልም፣ ሆኖም ያሞቃል።

ና አልልህም፤ እንዲያ የማለት አፍ የለኝም። በዚህ ወረቀት ጀርባ የሕፃኗን እግር አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ስትስቅ ስለተወራጨች ተረከዟ ላይ መስመሩ ተጣሟል። ጣትህን አስጠጋበት።

እጅህ የነካው ይለምልም። ቀንህ ይቅናልህ። በእኔ የደረሰብህን እሱ ይካስህ።

የበደለችህ፣ የምትወድህ
እናትህ