የእትዬ በለጥሻቸው የግራ ዓይን

ይድረስ ለወንድሜ ለአምሃ፣

ዛሬ ሐሙስ ግንቦት 4 ቀን ነው። ሙቀቱ ዘንድሮ ቀድሞ ስለገባ መስኮቱን ሁሉ ከፍተናል። ቤት ያለነው እኔና ልጄ ሳሌም ብቻ ነን፤ እሷ ለፈተናዋ ታጠናለች። እንዴት ነህ? ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? ይርጋለም ዝናቡ ጠና? ባለቤትህ ማራኪስ ግፊቷን እየተለካች ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ ሰላምታው ቢያጥርብህ አትቀየመኝ።

አክስታችን እትዬ በለጥሻቸው ካረፈች ሦስተኛ ወሯ ነው። በቀብሯ ሰሞን የተላከልህን ፎቶ አይተህ፣ «አሜሪካ ተስማምቷት ነበር፣ ዓይኗም ድኖ እንዴት አምሮባታል» ብለህ ጻፍክልኝ። አሳጥበህም ሳሎን ሰቀልከው አሉ። አምሃ፣ የሰቀልካት ሴት አክስታችን አይደለችም።

ፎቶ እንደምትጠላ ታውቃለህ። ሰው ስልኩን ሲያነሳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስብ ነበር፤ «እንደ ደረቀ ማሳ አታሳዩኝ» ትላለች። እኔ ደግሞ አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ የነበረ ሽማግሌ ሲያርፍ፣ ቤተሰቡ ዕቃውን ደጅ አውጥቶ ሲሸጥ የገዛሁት አሮጌ ትልቅ ሌንስ ነበረኝ። ለፊልም ካሜራ የተሠራ ስለሆነ በእኔ ዲጂታል ካሜራ ላይ አይገጥምም። አስተማሪ የለኝ፣ ከዩቲዩብ አንድ ቃል፣ ከተቀደደ ማኑዋል አንድ ገጽ እየለቀምኩ፣ ቀለበት በቀለበት ላይ ቀጥዬ፣ ብርሃን የሚሾልክበትን በጥቁር ቴፕ ደፍኜ፣ ከስንት ወር በኋላ ገጠመልኝ። ይህ ሌንስ ሆን ተብሎ ብርሃኑን ትንሽ እንዲበትን የተሠራ ነው። ብዥታ አይደለም። ከሥር መስመሩ ጥርት ብሎ አለ፤ በላዩ ላይ ብርሃን እንደ ስስ ሻሽ ይተኛበታል። ሽብሽቡ አይጠፋም፣ ብቻ አይጮህም።

አምና መስከረም መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳት። ሌንሱ ሰውን በጣም ስለሚያቀርብ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያልኩ ኮሪደሩን ጨረስኩ። «ጽጌ፣ ከዚያ ወዲያ እኮ ሽንት ቤት ነው!» ብላ ሳቀች። ስትስቅ አፏን ግጥም እንደምታደርግ፣ በልጅነቷ እሾህ የወጋው የግራ ዓይኗ ቆብ እንደሚወርድ ታውቃለህ። ያኔ አነሳኋት። ስታየው፣ «እሺ፣ ይቺን ሴት አውቃታለሁ። ስሞት ይህን አውጡ» አለችኝ።

ስታርፍ ለልጇ ለዮአብ ሰጠሁት። እዚሁ ኮሎምበስ አጠገብ ባለችው ደብሊን ነው የሚኖረው፣ የኮምፒውተር ሰው ነው። ብዥ ብሏል ብሎ ስልኩ ላይ ባለ አፕ አሳለፈው። አፑ ያልገባውን ከራሱ ይሞላል። ሁለቱን ዓይን እኩል ከፈተ፣ ግንባሯን እንደ ሳህን ወለወለ፣ በተገጠመው አፏ ላይ ነጭ ጥርስ ደረደረ። ቤተ ክርስቲያን ትልቁ ስክሪን ላይ ሲወጣ፣ የጸሎት ጓደኛዋ እትዬ አስካለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሌላም ሰው አርፏል እንዴ?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዮአብን «ምነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ጽጌ፣ ፊክስ አደረግኩልሽ እኮ! ታንክ ዩ በይኝ እንጂ» አለ። ለቅሶ ላይ ነበርንና ዋጥኩት። ዝም ስል ሰው ሁሉ የተስማማሁ ይመስለዋል።

አሁን ደግሞ የመቃብር ድንጋዩ ሊሠራ ነው። ፊቷ ጥቁር ድንጋይ ላይ በመሣሪያ ይቀረጻል፤ ከተቀረጸ በኋላ አይፋቅም። ዮአብ «አንቺ ፎቶ ታውቂያለሽ፣ ላኪላቸው» ብሎ ያንኑ ባለጥርሱን ላከልኝ። ድንጋይ ቀራጮቹ የሚጠብቁት እስከ ነገ ቀትር ነው። የኔን ልኬ ዝም ልል አስቤ ነበር፤ ድንጋዩ ከቆመ በኋላ ምን ያመጣል? ግን እሱ ሳይጠይቅ ለወጠ፣ እኔም ሳልጠይቅ ልለውጥ? እንደ ሌባ ከማደርገው ፊት ለፊት ብጣላ ይሻለኛል። መጣላት ግን አላውቅበትም።

በአንተም ተናድጃለሁ። አዝላ ያሳደገችህ ሴት ዓይኗ በሰባ ዓመቷ ድንገት ሲስተካከል እንዴት አትጠራጠርም? ማማሯን ብቻ አየህ። እውነተኛውን ሁለት ቅጂ አሳጥቤያለሁ፤ አንዱን ከዚህ ወደ አገር ቤት የሚመጡት ጋሼ ጀማነህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርሱልሃል። በስልክ አልልከውም፣ ሲያሳንሰው ብርሃኑን ይበላዋል። ያንን ከግድግዳህ አውርደው።

ማራኪን ሳምልኝ፣ ጨው ቀንሺ በልልኝ። ልጅህ ሚካኤል ሥራ በመያዙ ደስ እንዳለኝ ንገረው። ትንሿን ቢታንያን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤታችን ጋሼ ፍሥሐን ሰላም በልልኝ። ሳሌም ሁላችሁንም ሰላም ብላለች።

ፖስታውን ሳላሽግ የዛሬ ጠዋቱን ልጨምርልህ። አሁን ዓርብ ምሳ ሰዓት ነው፣ የምጽፈው መኪናዬ ውስጥ ነው። ጠዋት ለምሠራበት ለግሮቭፖርቱ መጋዘን አለቃዬ እዘገያለሁ ብዬ ቴክስት አደረግኩና ደብሊን ሄድኩ። ዮአብ በአንድ እግሩ ጫማ አድርጎ በሩን ከፈተልኝ። ሳልቀመጥ የኔንና ያንን ባለጥርሱን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ በፊታቸው ደፋኋቸው። «ሳታይ ንገረኝ፤ የእናትህ የትኛው ዓይን ነው የሚወርደው?» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወ። «ቀኙ» አለ። ቆይቶ «ግራው» አለ። የኔን ገልብጬ እጁ ላይ አኖርኩለት። ብዙ ከያዘው በኋላ፣ «ሰው ብዥ ብሏል ይላል» አለኝ። «ይበል» አልኩት። ላፕቶፔን ከፍቼ እሱ እያየ እውነተኛውን ለድንጋይ ቀራጮቹ ሰንድ አደረግኩት። አልከለከለኝም። ፎቶውን ከእጁ አልተቀበልኩትም። አርባ ደቂቃ ዘግይቼ ሥራ ገባሁ።

እህትህ ጽጌረዳ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ግንቦት 5 ቀን 2014 ዓ.ም.