የቬሊ ምትሽዌኒ ጆሮ ዜሮ ነጥብ ስላገኘበት ጉዳይ

ለክቡር ዶክተር ካትሌሆ ሞራካ
የአረንጓዴ ሥራና የክህሎት ሽግግር ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ምፑማላንጋ

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ፣ ጤናዎም እንቅልፍዎም የተሟላ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ለእንቅልፍዎ እንኳ ብዙ አልሰጋም፣ ከእኛ የሄደው እንቅልፍ የሆነ ቦታ ማረፉ አይቀርምና።

እኔ ዱዱዚሌ ስኮሳና እባላለሁ። የክዋምሊሎ የከሰል ኃይል ማመንጫ እስኪዘጋ ድረስ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ያዝኩ። መዘጋቱን አልቃወምም፤ ጭሱ ሁለት ወንድሞቼን አስቀብሮኛል። የምጽፍልዎ ከዚያ በኋላ ለባልደረባዬ ለቬሊ ምትሽዌኒ ስለዋሉለት ውለታ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምዘናው። ቬሊ ሃያ ስድስት ዓመት የቦይለር፣ ማለትም የእንፋሎት ማፍያው ጋን፣ ሠራተኛ ነበር። የትኛው ቱቦ ሊፈነዳ እንደተቃረበ፣ መሣሪያው ከማሳየቱ በፊት በጆሮው ይለይ ነበር፤ በዚህም ሁለት ጊዜ ነፍሳችንን አትርፏል። መዛኞችዎ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት ጠይቀው ሲያጡበት «ክህሎት፦ የለም» ብለው ጻፉ። ስለ ጆሮው ሊያስረዳቸው ሲሞክር፣ ቅጹ ላይ ለጆሮ የተተወ ቦታ እንደሌለ በትሕትና ገለጹለት። ቅጹን ያዘጋጁት አማካሪዎች የድካማቸው ዋጋ አይቅርባቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥልጠናው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ሶላር ተማርን፤ ሶላር ግን አላየንም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነበር፤ በየተራ እየተነሳን በጣታችን እንድንነካው ተፈቀደልን። ቬሊ ሰርተፍኬቱን ይዞ ሥራ ሲጠይቅ የአምስት ዓመት ልምድ አምጣ ተባለ። እርስዎ ግን አልጨከኑበትም፤ ከሥልጠናው በኋላ ከከተማ የመጡ ሠራተኞች በማሠልጠኛው ጣሪያ ላይ የገጠሙትን ሶላር እንዲጠብቅ ዘበኛ አድርገው ቀጠሩት። በሪፖርትዎም «አንድ አረንጓዴ ሥራ ተፈጠረ» ተብሎ መውጣቱን አንብበናል።

ሦስተኛው ያ የጣሪያ ሶላር የተመረቀበት ቀን ነው፤ እሱን እንደ ሌላው አሳጥሬ ልጽፈው አልቻልኩም። እንግዶችዎ አዳራሹን ሞልተው፣ እኔ ሻይ ሳቀርብ፣ ቬሊ ከበሩ ተነስቶ የሶላሩን ኃይል ለመብራት የሚቀይረው ሳጥን፣ ኢንቨርተሩ፣ አጠገብ ቆመ። ራሱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ አየሁት፤ ያን አቋቋም ከማመንጫው ጀምሮ አውቀዋለሁ። ኮፍያውን አውልቆ ወደ እርስዎ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ሳጥኑ ታሟል። አሁኑኑ ካልጠፋ ይነዳል» አለዎት።

እርስዎ እንግዶችዎን አይተው ፈገግ አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አባቴ፣ እኛ እኮ በሩን ነው ያስጠበቅንዎ።»

እንግዶቹ ሳቁ። ቬሊም ወደ በሩ ተመለሰ። ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ የማየትን ያህል ያሳፈረኝ ነገር የለም፤ እኔም ሻይ መቅዳቴን ቀጥዬ ነበርና።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ እሳቱ ተነሳ። እርስዎ ከሁሉም ቀድመው በመውጣት መውጫው የት እንደሆነ ስላሳዩን እናመሰግናለን። ቬሊ ግን ወደ ውስጥ ገባ፤ ጓዳ ውስጥ የቀሩትን ሁለት ሴቶች ጎትቶ ሲያወጣ የጋለውን የብረት በር የያዘባቸው እጆቹ ተላጡ። በሳምንቱ ደብዳቤዎ ሆስፒታል ድረስ መጣለት። እኔ ነኝ ያነበብኩለት፤ እጁ በፋሻ ስለተጠቀለለ ወረቀቱን መያዝ አልቻለም። «ያለ ፈቃድ በሩን ትቶ በመሄዱ» ይላል፣ ከሥራ የተሰናበተበት ምክንያት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሥራውን ይመልሱለት አልልም። ቅጹ ላይ «የለም» የሚለውን ቃል ብቻ ይሰርዙልን፤ እስክሪብቶ ከቸገረዎ እኔ አመጣለሁ።

የትዕግሥትዎን ስፋት ከእሳቱ የሮጡበትን ፍጥነት ያህል የማደንቅ፣ የሥዕል ሶላር ምሩቅ፣
ዱዱዚሌ ስኮሳና

ማስታወሻ፦ ቬሊ አሁን በእነዚያው እጆቹ ከተተወ የማዕድን ጉድጓድ ከሰል እየለቀመ በጋሪ ይሸጣል። ባለፈው ሐሙስ ከቤትዎ ለክረምቱ አራት ጆንያ ታዘዘ። የማን ቤት እንደሆነ እያወቀ፣ ጭስ የማያበዛውን ለይቶ መርጦልዎታል፤ በሥልጠናው «ዝቅተኛ ካርቦን» ስትሉን የነበረው ይህ ከሆነ፣ ሥልጠናዎ ገብቶታል።