ቀይ የደም ሴሌ በዛ አሉኝ

ሚያዝያ 26

ዛሬም ዌስትውድ፣ ፓርኪንግ ግቢ፣ የሰው መኪና ሳቆም ዋልኩ። ጥላ የለም። ረመዳን ከገባ ወዲህ ከሰዓት በኋላው አልገፋ ይለኛል... ቢሆንም ይኸ ሥራ ሊያበቃ ነው። የአውቶቡስ ሾፌርነት ፈተናውን አልፌአለሁ። የቀረኝ የጤና ምርመራ ብቻ። ሥልጠናው ግንቦት 10 ይጀመራል።

ጓደኛዬ ሀቢብ ደወለ። አምና የተቀጠረ ሾፌር ስለሆነ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። «ጾመኛ ነኝ እንዳትል። መሪ ላይ ይወድቃል ብለው ያስቀሩሃል።» እሺ አልኩት። ጾሜ የእኔና የአላህ ነው። እነሱን ምን አገባቸው?

ሚያዝያ 28

ከሥራ በቀጥታ ክሊኒክ። ላቤ እንኳ አልደረቀም። ነርሷ ደም ቀዳች። «ዛሬ ምን በላህ?» ምንም። «ጎበዝ!» ሳልዋሽ አለፍኩ።

ሚያዝያ 30

ከክሊኒክ ተደወለ። ቀይ የደም ሴሌ ከልክ በላይ ነው። የወንድ ልክ በማይክሮሊትር ደም እስከ 6.1 ሚሊዮን ነው፣ የእኔ 6.4። ሐኪሟ ማክሰኞ ሳታየኝ ወረቀቴን አትፈርምም። ካልፈረመች ደግሞ ሥልጠናው የለም።

ፌርፋክስ፣ ጋሼ ዘለቀ ሱቅ ቴምር ልገዛ ገብቼ ነገርኳቸው።

«አንተ ጀላሉ፣ ደሜ በዛ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ዛሬ አየሁ! ያነሰውስ ምን ይበል?»

«ሐኪሟን ግን አላስደሰታትም ጋሼ።»

«ደሴ አይደል ያደግከው? የደጋ ሰው ደሙ ይበዛል። ይኸንን ንገራት፣ አፏን ትይዛለች።»

ስቄ ወጣሁ። ቤት ስገባ ግን... አጎቴን የገደለው የደም በሽታ ነው ይሉ ነበር። ምን ዓይነት? ማንም አልጠየቀ።

ግንቦት 4

ሚስቴ ሳብሪያ ካልቨር ሲቲ ከሥራዋ አስፈቅዳ ሐኪሟ ዘንድ አብራኝ ገባች። ሐኪሟ ትጠይቃለች። ሲጋራ? አላጨስም። ከፍ ያለ ቦታ ነው የምትኖረው? የጋሼ ዘለቀን መልስ አመጣሁ። ደሴ ነው ያደግሁት፣ ተራራ ላይ።

«መቼ ወጣህ?»

ከስምንት ዓመት በፊት። ሳቀች። ቀይ ሴል የሚኖረው አራት ወር ገደማ ነው አለች። ለካ የደሴው ደሜ ካለቀ ቆይቷል። አሁን ያለኝ ሁሉ እዚሁ የተሠራ ነው!

«በቀን ምን ያህል ውሃ ትጠጣለህ?»

ጣሪያውን አየሁ።

«ንገራት እንጂ!» አለች ሳብሪያ በአማርኛ።

«ተይ አልኩሽ...»

«ወላሂ እኔ እነግራታለሁ።» ነገረቻት። ረመዳኑን፣ ከንጋት ጀምሮ ጠብታ እንደማይገባኝ፣ ፀሐይ ላይ መኪና ሳስገባና ሳስወጣ እንደምውል... ምንም አላስቀረች።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ?» ከዚያ አስረዳችኝ። ላብ ሲወጣና ውሃ ሳይገባ የደሙ ፈሳሽ ይቀንሳል፣ ሴሎቹ ይጠጋጋሉ። በእኔ ቋንቋ፣ መኪናው አልበዛም፣ ግቢው ነው የጠበበው። ግን እርግጠኛ አይደለሁም አለች። ጠጥተህ እንደገና እንለካው።

በቀን አልጠጣም አልኳት።

«ለበሽተኛ ይፈቀዳል» አለች ሳብሪያ።

«በሽተኛ መሆኔ መች ታወቀ?»

ሐኪሟ ትቆጣለች ብዬ ነበር። «እሺ፣ የምትጠጣው መቼ ነው?» ብቻ አለች። ከመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጀምሮ፣ እስከ ንጋት። «እንግዲያው ሌሊቱን ጠጣ፣ በጠዋት ና። ከዚያ በፊት ባለው ቀን ፀሐይ ላይ አትዋል።»

ይኸው ነበር? ይኸን ፈርቼ ነው?

ግንቦት 6

ትናንት የሥራ ባልደረባዬ ግርማ ግቢው ውስጥ ተክቶኝ ዋለ። ካፈጠርኩ ጀምሮ ሳብሪያ ጆግ ይዛ ቆመችብኝ።

«ድገም።»

«ሞላሁ እኮ!»

«ድገም። እኔም የሾፌር ሚስት ልሁን።»

ንጋት ሳይቀድ ለሱሑር ስንበላም እንደዚያው። ጠዋት ክሊኒክ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሆዴ ተንቦጫረቀ። ነርሷ ሰምታ ዞር አለች።

ግንቦት 7

5.5! አልሐምዱሊላህ። ሐኪሟ ፈረመች። ከረመዳን በኋላ አንዴ ልይህ ብላለች። እሄዳለሁ።

ለሀቢብ ደወልኩ።

«ነገርካቸው?»

ሳብሪያ ነገረቻቸው።

«ወይኔ! ምን አሉ?»

በጠዋት ና አሉ።

የእሱ ዓመታዊ ምርመራ ሳምንት ነው። «የሐኪሟን ስልክ ስጠኝ» አለ።

ግንቦት 10

ሥልጠና፣ በርባንክ አጠገብ። አሠልጣኙ ወፍራም ድምፅ ያለው ሽማግሌ ነው። «ከመነሳታችን በፊት ማወቅ ያለብኝ ነገር ያለው አለ?» ሁሉም ጫማውን ያያል። እጄን አነሳሁ። ጾመኛ ነኝ፣ ውሃም አልጠጣም፣ ካዞረኝ ዳር ይዤ አቆማለሁ።

ትንሽ አየኝ። «ኦኬ። እንግዲያው ቀኑ ሳይሞቅ አንተ ቀድመህ ትነዳለህ።»

ከኋላዬ አንዲት ሴት እጇን አነሳች። «እኔ ደግሞ እርጉዝ ነኝ።»

አሠልጣኙ ኮፍያውን አወለቀ። «ሌላስ?»

ተሳሳቅን። ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ነዳሁ።