የደሳለኝ ስም በወፍራሙ ፊደል

ዮቪል፣ ሐሙስ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2012 ዓ.ም.

ጓደኛዬን ደሳለኝን ኮሮና ነጠቀኝ። ሚስቱ ከከተማው ዳር፣ ሱቃቸው ካለበት ከኦሬንጅ ፋርም ደውላ፣ «ወንድሜ፣ የቀብሩ ባነር ላይ ስሙን በአማርኛ ጻፍልኝ፤ የሱቁን ታፔላ በሠራህበት በዚያ ፊደል» አለችኝ።

ያ እኮ እኔው በኮምፒውተር የሣልኩት፣ የድሮ ሲኒማ ማስታወቂያ የሚመስል፣ ወፍራም፣ ድቡልቡል ፊደል ነው! ለልደትና ለፀጉር ቤት እንጂ ለቀብር ማን ይጠቀምበታል? «ለሐዘን አይሆንም፣ ይስቃል» ብላት፣ «እሱስ መቼ ሳይስቅ ዋለ?» ብላ አለቀሰች።

እምቢ ማለት አቃተኝ። በአማርኛ የሣልኩት ለልደት ባነር ያስፈለጉኝን ሆሄያት ብቻ ነው። ደ፣ ሳ እና ለ ተገኙ። «ኝ» ግን የለችም። ከጠዋት ጀምሮ እየሣልኩ አጠፋታለሁ። ሳቀጥናት የእሱ አትመስልም፤ ሳወፍራት ትስቅብኛለች።

ገና ያልታተመውን ባነር የሚወስደው ታክሲ በር ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ነው። ስክሪኔ ላይ ያለው አሁንም «ደሳለ» ብቻ ነው።